ሳይቃጠል በቅጠል፦ ያለ ጊዜያቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አሶሳ

የሰው ልጅ ከሚጓዛቸው ጉዞዎች ሁሉ እጅግ አጭሩና እጅግ አስፈሪው ከእናቱ ማኅፀን ወጥቶ የመጀመሪያውን እስትንፋስ እስኪያገኝ ድረስ ያለው ጉዞ ነው። ስለዚህም ሕዝባችን አራስ ሲጠይቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፤ ሙስሊሞች ጎረቤቶቻችንም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፈጣሪያቸውን ያመሰግናሉ። ምሕረት የሚባለው ከሞት ያመለጠ ሰው የሚያገኘው ነገር ነው። እንግዲህ ወሊድና ሞት ጎረቤታሞች መሆናቸውን ቋንቋችን ራሱ ሲመሰክር ኖሯል ማለት ነው።

እኔም ዛሬ በዚህ መጽሔት ላይ አሳቤን ልገልጽበት የፈለግሁት ጉዳይ ቀኑ ሳይሞላ ስለሚወለደው ሕፃን ነው። ጉዳዩ የሐኪሞችና የአዋላጆች እንጂ የተማሪ አይደለም የሚል ቢኖር፣ ነገ ወላጆች የምንሆነው እኛው ነንና ከእኛ የሚቀርብ ጉዳይ የለም ብዬ እመልሳለሁ። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው። ቀናቸው ሳይሞላ የተወለዱትን ማዳን መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀናቸው ሳይሞላ እንዳይወለዱ መንገድ የሚፈልግ ምርምር ከእስከ ዛሬው የበለጠ ሊደከምበት ይገባል። ይህም ምርምር በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ብቻ ሳይሆን፣ በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር መደረግ አለበት።

በመጀመሪያ ነገሩን እናብራራ። ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ያህል ይፈጃል። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ያለ ጊዜው እንደ ተወለደ ይቈጠራል። በሰፈራችን «የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፤ የስምንት ወር ልጅ ግን አያድግም» ሲባል እሰማለሁ። ይህ ልማድ ያመጣው አነጋገር እንጂ እውነት አይደለም። ሕፃኑ በማኅፀን የሚቈይባት እያንዳንዷ ተጨማሪ ሳምንት ለሳንባው፣ ለአንጎሉና ለአንጀቱ ትርፍ ናት፤ የስምንት ወሩ ልጅ ከሰባት ወሩ ይልቅ የመኖር ዕድሉ የሰፋ ነው። ቀድሞ የመጣው ሕፃን ሳንባው ገና አልጠናም፤ ከቈዳው በታች ስብ ስለሌለው ቶሎ ይበርደዋል፤ መጥባት ያቅተዋል፤ በሽታ የሚከላከልበትም ኀይል ገና አልተሰበሰበለትም።

የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ተባባሪዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ተነገረው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ሕፃናት ያለ ጊዜያቸው ተወልደዋል። ይኸውም ከ10 ሕፃናት 1 ያህል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ወደ 900,000 የሚደርሱት በዚሁ ጠንቅ ሞተዋል። ከእነዚህ ልደቶች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት የተገኙት በ8 አገሮች ሲሆን፣ እነርሱም ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ናይጄሪያ፣ ቻይና፣ ኢትዮጵያ፣ ባንግላዴሽ፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎና አሜሪካ ናቸው። የእኛ አገር ስም በዚህ ተራ ውስጥ መግባቱ ሊያሳስበን ይገባል። የአሜሪካም ስም መግባቱ ሌላ ነገር ያስተምረናል፤ ሀብት ብቻውን ይህን ችግር አያጠፋውም፤ ያልታወቀ ነገር ገና አለና።

በአገራችን የተደረገውንም ቈጠራ እንመልከት። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደ ታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ቍጥሩ ወደ 59 ወርዷል። ይህ ክትባት፣ ጤና ኬላና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያስገኙት ታላቅ ድል ነው። ነገር ግን በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በዚያው ዘመን ከ49 ወደ 33 ብቻ ነው የወረዱት። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2000 አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት የአንድ ወር ጨቅሎች ሢሶ ያህል ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ከግማሽ በላይ ሆነዋል። ኩፍኝንና ተቅማጥን ያሸነፍንበት መሣሪያ ቀኑ ሳይሞላ የሚወለደውን ሕፃን አልደረሰለትም ማለት ነው። በክልላችን ደግሞ ነገሩ የከፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በአዲስ አበባ 39 ሲሆኑ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ 98 ነበሩ።

አሁን ምርምር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከጊዜው አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ ተወለደ። ሳንባው ስላልጠና በ39 ሰዓት ውስጥ ሞተ። በዓለም ላይ ካሉት መሪዎች ሁሉ ኀያል የነበረው አባት፣ ገንዘቡም ሐኪሞቹም በእጁ ሳሉ ልጁን ሊያድን አልቻለም። ምክንያቱም መድኃኒቱ አልተገዛም ሳይሆን አልተገኘም ነበር። ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የተባለች ሐኪም የእነዚህ ሕፃናት ሳንባ የሚጎድለውን ነገር ለይታ ያሳወቀችው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ፉጂዋራ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ያንን የጎደለውን ነገር ለሕፃናት ሰጥቶ ውጤቱን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በኒው ዚላንድም ሊጊንስ የተባለ ሊቅ በበጎች ላይ ሲመራመር፣ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ለሚመጣባት እናት የሚሰጥ መድኃኒት የሕፃኑን ሳንባ አስቀድሞ እንደሚያጠና ተረዳ፤ ከሃዊ ጋር በእናቶች ላይ ያደረገውን ጥናትም እ.ኤ.አ. በ1972 አሳተመ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች የሚኖሩት በእነዚህ ሰዎች ድካም ነው።

ይሁን እንጂ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ይህ ሁሉ ሕፃኑ ቀድሞ ከመጣ በኋላ፣ ወይም ሊመጣ ደጅ ላይ ሲቆም የሚደረግ እርዳታ ነው። ለምን ቀድሞ መጣ? ለሚለው ጥያቄ ግን ዓለም እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ የለውም። የደም ግፊት፣ ወባና ሌላ ኢንፌክሽን፣ የደም ማነስ፣ መንታ እርግዝና፣ ያለ ዕድሜ ማርገዝ፣ አከታትሎ መውለድ ከምክንያቶቹ መካከል መሆናቸው ይታወቃል። ነገር ግን በብዙ እናቶች ላይ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ሳይገኝ ምጡ እንዲያው ይመጣል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ቤቱ ከተያያዘ በኋላ ውኃ ማመላለስ ግድ ነው፤ እሳቱ ከየት እንደሚነሣ ማወቅ ግን ብልኅነት ነው።

ይህም የማይቻል ምኞት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ አንድ ጥናት በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በዛምቢያ፣ በዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ በጓቲማላና በኬንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዙ 11,976 እናቶች ተካፍለዋል። እኩሌቶቹ ከእርግዝናቸው መጀመሪያ አንሥቶ በየቀኑ አነስተኛ አስፒሪን ሲወስዱ እኩሌቶቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰዱ። ያለ ጊዜያቸው የወለዱት ከሁለተኞቹ 13.1 በመቶ ሲሆኑ ከመጀመሪያዎቹ 11.6 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በሚሊዮን እናቶች ሲባዛ ግን ስንት መንደር ሕፃን እንደሚሆን የሒሳብ ተማሪዎች አስሉት። ርካሽ ክኒን ይህን ያህል ካደረገች፣ ገና ያልተመረመረው ምን ሊያደርግ ይችላል? (ይህን ያነበበች ነፍሰ ጡር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅ ገዝታ እንዳትወስድ አደራ እላለሁ።)

በአገራችንም ምርምር አልተደረገም ማለት ስሕተት ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው፣ እናት ሕፃኑን በደረቷ አስጠግታ ገላ ለገላ በማሞቅ የምታሳድግበትን ዘዴ ፈትነው፣ የሕፃናቱ የመኖር ዕድል እንደሚሻል እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። በአማራ ክልልም «እናት» የሚል ስም የተሰጠው ጥናት በ12 ጤና ጣቢያዎች 2,400 ነፍሰ ጡሮችን በመያዝ፣ ምግብን ማሻሻልና ኢንፌክሽንን ማከም ለሚወለደው ሕፃን ምን እንደሚጠቅም ለማወቅ ተነሥቷል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን በፕሮፌሰር ሉሉ ሙሔ መሪነት እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 የተደረገው ጥናት ነው። በጎንደር፣ በጅማ፣ በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስና በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታሎች 4,919 ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ተመዘገቡ። ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት 28 ቀን ሳይሞላቸው 1,109 ሞቱ። ከሟቾቹ 45 በመቶ የሚሆኑትን የገደላቸው የሳንባ አለመጥናት፣ 30 በመቶውን ኢንፌክሽን፣ 14 በመቶውን መታፈን ነው። ከሞቱት ከ10 ወደ 7 በሚጠጉት ላይ ደግሞ ብርድ ለሞታቸው አጋዥ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የታወቀው እንዴት ነው? የ441 ሕፃናት አስከሬን ሙሉ ምርመራ ስለ ተደረገበት ነው። በእኛ አገር አስከሬን ፈጥኖ አፈር ማልበስ እንደ ክብር በሚቈጠርበት ባህል ውስጥ፣ እነዚያ ወላጆች በኀዘናቸው መካከል «ልጄ ለሌላው ልጅ ትምህርት ይሁን» ብለው ፈቀዱ። ስማቸው በየትም አልተጻፈም። እኔ ግን ለአገራቸው የደም መሥዋዕት ከከፈሉት ጋር አስተካክዬ አያቸዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከእነዚያ አምስት ሆስፒታሎች አንዱም በክልላችን የሚገኝ አልነበረም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ጥናት ከሚመች ቦታ መጀመሩ ያለ ነው። ነገር ግን የእኛ ምድር ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የተለየ ነው። ክልላችን ወባ ከሚጠናባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ነው፤ ወባም የነፍሰ ጡርን ደም እያሳነሰ፣ በእንግዴ ልጁ ውስጥ እየተሸሸገ ፅንሱን እንደሚጐዳ የታወቀ ነው። እናቶቻችን በእርግዝናቸው መጨረሻ ሳይቀር ማሽላ ያጭዳሉ፣ እንጨትና ውኃ ይሸከማሉ። ከክፍላችን ሳይቀር ያለ ዕድሜያቸው ተድረው የቀሩ እኅቶች አሉ። በአንዳንድ የጉሙዝ መንደሮች ደግሞ የወላድ ደም ቤት እንዳያረክስ ተብሎ እናት ከቤት ርቃ ብቻዋን የምትወልድበት ልማድ ኖሯል። ከኩርሙክ እስከ ካማሺ፣ ከማኦ ኮሞ እስከ ጉባ ባለው አገር እነዚህ ነገሮች እያንዳንዳቸው ስንት ሕፃን ያለ ጊዜው እንደሚያስወልዱ በቈላው ሙቀት መካከል ቁጭ ብሎ የሚቈጥር ሰው ያስፈልጋል።

ቈጠራ ስል የማውቀውን ልናገር። አክስቴ ከአሶሳ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ ሳለች ምጥ ያዛት። በመንገድ ላይ የተወለደችው ልጅ ከሁለት እጅ መዳፍ አትበልጥም ነበር። የተቀበለቻት ነርስ «ስንት ወርሽ ነበር?» ብላ ጠየቀች። አክስቴ «ማሽላው ሲታጨድ ነበር የቀረብኝ» አለች፤ አያቴ ግን «የለም፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ ነው» አሉ። በሁለቱ መካከል የስድስት ሳምንት ያህል ልዩነት ነበረ። ልጅቷ በሁለተኛው ቀን ዐረፈች። ቀኗ ሳይሞላ መጥታ ነው ያነሰችው ወይስ ቀኗ ሞልቶ ሳለ ወባ በማኅፀን ቀጭጫ እንድትቀር አድርጓት? ይህን ዛሬ ሊነግረን የሚችል ሰው የለም። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው፤ መከላከያቸውም የተለያየ ነው። ስም ሳይወጣላት በየትም መዝገብ ሳትገባ ተቀበረች። ያልተቈጠረ ሰው ደግሞ ጠበቃ የለውም።

ይህ የሳምንት ቈጠራ ተራ ነገር እንዳልሆነ ሌላ ማስረጃ ላምጣ። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የሊጊንስ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት በአርጀንቲና፣ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ ገጠሮች እንዲሠራጭ ተደርጎ ተፈተነ። በታላላቅ ሆስፒታሎች ሕይወት ያዳነው መድኃኒት በዚያ ግን የጨቅሎችን ሞት ከፍ አደረገ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ብዙዎቹ እናቶች በእርግጥ ቀናቸው ሳይሞላ የሚወልዱ አልነበሩምና። ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የጤና ድርጅት በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን በ29 ሆስፒታሎች የእርግዝናውን ዕድሜ በመሣሪያ አረጋግጦ ሲሰጥ ሞት ቀነሰ። አንዱ መድኃኒት በአንድ ቦታ አዳኝ፣ በሌላው ጐጂ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ በሌላ አገር የተፈተነ ነገር ሁሉ በሸርቆሌና በዲባጤ እንዲያው ይሠራል ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

አንዳንድ ሰዎች «ምርምር የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ለእኛ መጀመሪያ መንገድ፣ አምቡላንስና አዋላጅ ይምጣልን» ይሉ ይሆናል። አዋላጅና አምቡላንስ ማስፈለጋቸውን ማን ይክዳል? ነገር ግን ያለ ዕውቀት የሚወጣ ገንዘብ በጨለማ የሚወረወር ድንጋይ ነው። ቀኑ ሳይሞላ የተወለደውን ሕፃን ለማኖር የሚያስፈልገው የማሞቂያ ሣጥን፣ ኦክስጅንና የሠለጠነ ነርስ እጅግ ውድ ነው፤ ምጡን አስቀድሞ የሚያስቀር ነገር ቢገኝ ግን ርካሹ እርሱ ነው። ሌሎች ደግሞ «ይህ የፈጣሪ ሥራ ነው» ይላሉ። ስለ ፈንጣጣም እንዲሁ ይባል ነበር። ዛሬ ፈንጣጣ በዓለም ላይ የለም፤ የዓለም የጤና ድርጅት መጥፋቱን እ.ኤ.አ. በ1980 አውጇል። ፈጣሪም ለሰው አእምሮ የሰጠው ሊሠራበት ይመስለኛል።

«ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ለሚለው ሁለት ምሳሌ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1938 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የልጅነት ልምሻን ለማጥፋት ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ሕዝቡ የአሥር ሳንቲም ቍራጭ እንዲልክ ተጠየቀ። በሚሊዮን የሚቈጠር ሳንቲም በፖስታ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጎረፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1955ም የሳልክ ክትባት መሥራቱ ታወጀ። ማርች ኦፍ ዳይምስ የሚባለው ያው ማኅበር ዛሬ ያለ ጊዜ መወለድን የሚከላከል ምርምርን ከሚረዱት አንዱ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ ከደጃችን ነው። በዚሁ በክልላችን በጉባ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሊስትሮው፣ ገበሬው፣ መምህሩና ተማሪው ቦንድ ገዝቶበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በዐይናችን እውነት ሲሆን አየን። ዐባይን የገደበ ሕዝብ ለጨቅላ ሕፃን የሚሆን ምርምር ከበደኝ ሊል አይገባውም።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ በክልላችን ያሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የእያንዳንዱን ሕፃን ክብደት ብቻ ሳይሆን ስንት ሳምንት ላይ እንደ ተወለደ፣ በሕይወት ያልቈየውንም ጭምር በጥንቃቄ ይመዝግቡ። የዓለም የጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሁሉ 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ እ.ኤ.አ. በ2016 መክሯል፤ ይህ ምክር ገጠሩን እንዲደርስ ይደረግ።

2ኛ/ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና የክልሉ ጤና ቢሮ በወባና ያለ ጊዜ በመውለድ መካከል ስላለው ግንኙነት የሚመረምር የረጅም ጊዜ ጥናት እንዲያስቡበት፣ በአዲስ አበባ ያሉ ተመራማሪዎችም ቀጣዩን ጥናት ሲያቅዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን የምንገኘውን እኛን እንዳይዘነጉ እንለምናቸው።

3ኛ/ እኛ ተማሪዎች በየዓመቱ ኅዳር 8 ቀን የሚውለውን ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት የዓለም ቀን በትምህርት ቤታችን እናክብር። በሚኒ ሚዲያው፣ በየሰፈራችን ቋንቋ፣ በበርታኛም በጉሙዝኛም በሽናሽኛም፣ ነፍሰ ጡር እናት ወሯ የቀረበትን ቀን በወረቀት እንድትይዝ እንንገር። እርሷ መጻፍ ባትችል ልጇ ይጻፍላት። ከእኛ መካከል በቤቱ ነፍሰ ጡር ያለችበት ሁሉ ዛሬ ማታ ይህን ማድረግ ይችላል፤ አንድ እርሳስ ይበቃል።

4ኛ/ ወላጆች ሆይ! ሴት ልጆቻችሁን ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አትዳሩ። ነፍሰ ጡሯ በአጎበር ትተኛ፤ ሸክሙን ወንዱ ይቀበላት፤ የእርግዝና ክትትሏን በጊዜ ትጀምር። ይህ ምርምሩ እስኪደርስ የማንጠብቅበት፣ የታወቀ ነገር ነው።

ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ሐኪም፣ አዋላጅ ወይም ነርስ ለመሆን የምትመኙ ብዙ ናችሁ። ምኞታችሁ መልካም ነው። ነገር ግን ከእናንተ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ወይም አንዷ «ለምን ቀድሞ መጣ?» የሚለውን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፤ ትምህርታችሁን ስትጨርሱም ጥያቄውን ይዛችሁ ወደ አሶሳ ተመለሱ። መልሱ የሚገኘው ጥያቄው ባለበት አገር ነውና።